የሕዝብ እንደራሴና የአጥቢያው አቤቱታ፦ ከጨርጨር ታሪክ እስከ ገለምሶ ጥያቄ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በኢየሩሳሌም በነበረችው የመጀመሪያዪቱ ቤተ ክርስቲያን ከተነሡት የአስተዳደር ጥያቄዎች አንዱ በማዕድ ምክንያት የመጣ ነበር። ከግሪክ ባህልና ቋንቋ የመጡት ምእመናን መበለቶቻቸው በየዕለቱ ከሚታደለው ምግብ እየተዘነጉባቸው እንደ ሆነ አቤቱታ አሰሙ። ሐዋርያት ይህን አቤቱታ እንደ ሁከት አልቆጠሩትም፤ ለጸሎትና ለስብከት የተጠራን ነንና የእንጀራ ነገር አይመለከተንም ብለውም አልተዉትም። ሕዝቡን ሰብስበው፣ በመካከሉ በመልካም ምግባር የታወቁ ሰባት ሰዎችን ራሱ እንዲመርጥ አደረጉ፤ የተመረጡትንም ጸልየው እጃቸውን ጭነው ሾሟቸው (የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6)። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አቤቱታው ተለይቶ የታወቀ ነበር፤ የተመረጡት ሰዎች መራጮቻቸው የሚያውቋቸው ነበሩ፤ የተሰጣቸውም ሥራ ግልጽ ነበር። ዛሬ ስለ ሕዝብ ውክልና ስናነሣ እነዚህን ሦስቱን መመዘኛ አድርገን እንጠቀምባቸዋለን።

ጉዳዩን አሁን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ የተመሠረተው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረ እንደ መሆኑ የአምስት ዓመት ዘመኑ ወደ ፍጻሜው ደርሷል። የአንድ እንደራሴ የሥራ ዘመን ሲያበቃ፣ በሀገር ደረጃ የወጣው ሕግ ወደ መራጩ ቀበሌ ምን ይዞ ወረደ፣ ከመራጩ ቀበሌስ ምን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ወጣ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄውን በአየር ላይ ከማንሣት ይልቅ በአንድ ቦታ ላይ ቆመን ብንመረምረው ይሻላል ብለን፣ በምዕራብ ሐረርጌ ዞን የሐብሮ ወረዳ ማዕከል የሆነችውን ገለምሶን መርጠናል።

ጨርጨር፦ ሕግ አርቃቂውና አጥቢያው የተገናኙበት ምድር

ገለምሶ ከዞኑ ዋና ከተማ ከጭሮ ወደ ደቡብ፣ በበዴሳ በኩል የምትገኝ የቡናና የጫት ገበያ ከተማ ናት። ጭሮን ብዙ አባቶቻችንና እናቶቻችን እስከ ዛሬ የሚጠሯት አሰበ ተፈሪ ብለው ነው። ይህ የጨርጨር ምድር ከሀገራችን የሕግ አወጣጥ ታሪክ ጋር የተያያዘ፣ ብዙዎቻችን የማናስታውሰው ታሪክ አለው።

ከጣሊያን ወረራ በፊት ጨርጨርን ያስተዳደሩት በጅሮንድ፣ ኋላም ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው በዚያ የተማሩት እኒህ ሰው፣ አሰበ ተፈሪን በዕቅድ የተሠራች ከተማ ለማድረግ ደከሙ፤ ጨርጨርም ለሌሎች ግዛቶች አርአያ እንዲሆን የግብሩን አከፋፈልና የሹማምንቱን አሠራር በደንብ ለማስያዝ ጣሩ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊርማ የጸደቀው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ዋና አርቃቂም እርሳቸው ነበሩ። በዚህ ሕገ መንግሥት አማካይነት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የተባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። ስለዚህ ሀገሪቱን ፓርላማ እንዲኖራት ያደረገውን ሰነድ ያረቀቀው ሰው፣ የጨርጨርን ገበሬ፣ የጨርጨርን ገበያና የጨርጨርን ዳኝነት በዐይኑ ያየ ሰው ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ታሪኩን ስናነሣ ጉድለቱንም አብረን ማንሣት ይገባናል። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ፣ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ። የጨርጨር ገበሬ የሚገዛበት ደንብ ተሻሻለለት እንጂ ደንቡን የሚናገርበት አፍ አልተሰጠውም። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በቀጥታ እንዲመርጥ የተፈቀደው በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ምርጫም ከዚያ በኋላ ተካሄደ። ያ ሕገ መንግሥት ለእንደራሴነት የሚወዳደረው ሰው በሚወዳደርበት ወረዳ ነዋሪና ባለ ንብረት እንዲሆን ያዝዝ ነበር። የባለ ንብረትነቱ ግዴታ ድሀውን የሚያገል በመሆኑ የሚመሰገን አይደለም። እንደራሴው በሚወክለው ሕዝብ መካከል የሚኖር ይሁን የሚለው ሐሳብ ግን ዛሬም ዋጋ አለው።

እንግዲህ ጨርጨር ሁለት ዓይነት ጉድለት አይታለች። በቀድሞው ዘመን አካባቢውን የሚያውቅ ሕግ አርቃቂ ነበራት፤ ሕዝቧ ግን መራጭ አልነበረም። ዛሬ ሕዝቧ መራጭ ሆኗል፤ እንደራሴው ግን የአጥቢያውን ችግር ምን ያህል ያውቃል የሚለው ጥያቄ ክፍት ነው። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ በኦሮሚያ ታዋቂ የሆኑት ተፎካካሪ ፓርቲዎች ራሳቸውን በማግለላቸው በብዙ የምርጫ ክልሎች ብርቱ ፉክክር አልነበረም። ፉክክር በሌለበት ቦታ እጩው የመራጩን ደጅ ለማንኳኳት የሚገፋው ነገር ይቀንሳል። ይህ ማንንም ለመውቀስ የምንናገረው አይደለም፤ የሥርዐቱን ጠባይ ለመረዳት እንጂ።

እንደራሴው የማን ነው?

ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባላትን የመላው ሕዝብ ተወካዮች ያደርጋቸዋል፤ ተገዥነታቸውንም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ያደርገዋል። ከገለምሶ የተመረጠ ሰው የገለምሶ ጠበቃ ብቻ አይደለም፤ ስለ ጋምቤላም ስለ ትግራይም ያገባዋል። በአንጻሩ ደግሞ መራጮቹ አመኔታ ባጡበት ጊዜ ከቦታው ሊያነሡት እንደሚችሉ ይኸው አንቀጽ ይደነግጋል። እነዚህን ሁለት ግዴታዎች አብሮ መሸከም ቀላል አይደለም።

ምክር ቤቱ ባለፉት ዓመታት የወሰናቸውን ብንመለከት ውጥረቱ ይታያል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽንን የሚያቋቁመውን ዐዋጅ ቁጥር 1265 አጸደቀ፤ የኮሚሽኑ የሦስት ዓመት ጊዜ ሲያልቅም የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንድ ዓመት አራዘመው። ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ለ2018 በጀት ዓመት 1.93 ትሪሊዮን ብር የፌዴራል በጀት አጸደቀ። እነዚህ ቁጥሮችና ስሞች በዜና ሲነገሩ ከገለምሶ ገበያ የራቁ ይመስላሉ። ነገር ግን ምክክሩ የሚመለከተው ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር በሰላም የሚኖርበትን ጉዳይ ነው፤ በጀቱም የሐኪም ቤቱን መድኃኒትና የትምህርት ቤቱን መምህር ይመለከታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የታየው የዋጋ ለውጥ በእያንዳንዱ ቤት ጓዳ ገብቷል። የሀገር ፖሊሲ በመጨረሻ የሚያርፈው በአንዲት እናት መሶብ ላይ ነው።

ምእመናን የሚያነሧቸው ጥያቄዎች

በምዕራብ ሐረርጌ ኦርቶዶክሳውያን ምእመናን በቁጥር አናሳ ናቸው፤ አብዛኛው የአካባቢው ሕዝብ ሙስሊም ነው። ሁለቱም ለዘመናት በአንድ ገበያ ሲሸጡና ሲገዙ፣ በሐዘንና በደስታ ሲጠያየቁ ኖረዋል። ስለዚህ የምእመናንን ጥያቄ ስናነሣ በሁለት ወገን ከፍለን ማየት ይኖርብናል። አንዱ ከሙስሊም ወገኖቻቸው ጋር የሚጋሩት ነው፤ ሌላው ክርስቲያን በመሆናቸው የሚገጥማቸው ነው።

የጋራ በሆነው እንጀምር። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት የደረሰው ድርቅ ምዕራብ ሐረርጌን ክፉኛ ጎድቷል። በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ በተነሣው ግጭትም ብዙዎች ተፈናቅለው በዞኑ ተጠልለዋል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የሴፍቲኔት መርሐ ግብር የብዙ ቤተሰብን ነፍስ አቆይቷል፤ ከርዳታ የሚያወጣ መሰላል ግን ገና በሚገባ አልተተከለም። ገበሬው ድርቅ የሚቋቋምና በየጊዜው ገንዘብ የሚያስገኝ ሲያገኝ ቡናውን እየነቀለ ጫት ይተክላል። የሐረርጌ ቡና በዓለም ገበያ የታወቀ ስም ይዞ ሳለ አምራቹ ፊቱን የሚያዞርበት ምክንያት የሕግ አውጪውን ማሰብ የሚገባው ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1051 ገበሬው ከገዢው ጋር በአጭር መንገድ እንዲገናኝ ዐስቦ ነበር። በሐብሮ ያለው አነስተኛ ገበሬ ከዚህ ምን ያህል ተጠቀመ? ይህን ጠይቆ ለቋሚ ኮሚቴው ማቅረብ የእንደራሴው ተራ ሥራ ሊሆን ይገባል።

የጫት ነገር ለእኛ እንደ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ከባድ ጉዳይ ነው። ገበሬውን የሚመግበው ተክል የገበሬውን ልጅ ከትምህርትና ከቅዳሴ ያርቀዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን በብሮድካስት ከልክሏል፤ ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ መጠጥና ትምባሆ እንዳይሸጥ አዝዟል። በጫት በኩል ወጣቱን የሚጠብቅ የዚህን ያህል የጸና ሥርዐት አናይም። ገበሬውን ሌላ መተዳደሪያ ሳያዘጋጁ ተክሉን ንቀል ማለት ግፍ ነው። ልጁን ለሱስ ትቶ ስለ ውጭ ምንዛሬው ብቻ መናገርም እንዲሁ ግፍ ነው። ሁለቱን አስታርቆ የሚያቀርብ እንደራሴ፣ የሚወክለው ሕዝብ እስልምናን ይከተል ክርስትናን፣ የሁሉንም ቤት ይጠብቃል።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በሐረርጌ፣ በአርሲና በባሌ ምእመናን የተገደሉበትና አብያተ ክርስቲያናት የተጠቁበት ሐዘን ከልባችን አልወጣም። በዚያ ሁከት በጠቅላላው 86 ሰዎች መሞታቸውን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ገልጸው ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ሁከትም 123 ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት አሳውቋል፤ በብዙ ቦታዎች የጸጥታ አካላት በጊዜው ደርሰው ሰውን እንዳላዳኑም መዝግቧል። ይህ ኮሚሽን የተቋቋመው በምክር ቤቱ ዐዋጅ ነው፤ ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ ነው። ታዲያ ሪፖርቱ በምክር ቤቱ ፊት ሲቀርብ፣ ጉዳት ከደረሰበት አካባቢ የተመረጠ እንደራሴ ተነሥቶ የተጎዱት ተክሰዋልን? አጥፊዎቹስ ፍርድ አግኝተዋልን? ብሎ መጠየቅ ይጠበቅበታል። ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲን አጽድቋል። ፖሊሲ ብቻውን ዳኛ አይሆንም፤ ወደ ሕግና ወደ ተቋም የሚለውጠው ሕግ አውጪው ነው። ፍትሕ ስንል በቀል ማለታችን አይደለም። እውነቱ ሳይነገር የቀረ በደል ግን በተበዳዩም በበዳዩም ልጆች ላይ እንደሚያድር ከመጻሕፍት ተምረናል፤ የአቤል ደም ከምድር እንደ ጮኸ ኦሪት ትነግረናለች (ዘፍጥረት ምዕራፍ 4)።

ሌላው የይዞታ ጉዳይ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠርና የከተማ መሬት በመንግሥት ሲወረስ ቤተ ክርስቲያን ርስቷን አጥታለች። ከዚያ ወዲህ በብዙ አጥቢያዎች የሚሰማው አቤቱታ የይዞታ ማረጋገጫ ማጣት፣ የመቃብር ቦታ ጥበትና የጥምቀተ ባሕር ቦታ ጉዳይ ነው። የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 721/2004 የእምነት ተቋማት የአምልኮ ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ እንዲያገኙ ፈቅዷል። ሕጉ አለ ማለት ነው። ጥያቄው በየከተማው አስተዳደር ዘንድ ለሁሉም በእኩል ይፈጸማልን የሚለው ነው። ሕግ መውጣቱን ብቻ ሳይሆን መፈጸሙን መከታተል የምክር ቤት አባል ሥራ ነው።

የዞኑ ምእመናን የጋራ በረከት የሆነውን የአሰቦት ደብረ ወገግ ገዳምንም ሳናነሣ አናልፍም። የጻድቁ አቡነ ሳሙኤል ገዳም በ2004 ዓ.ም. በደኑ ላይ እሳት በተነሣ ጊዜ ምእመናን ከሩቅ ሳይቀር ተጉዘው ሊያጠፉ መድረሳቸውን እናስታውሳለን። የገዳም ደን ለሀገር የተፈጥሮ ሀብት ነው። ገዳሙን መጠበቅም የመነኮሳት ሸክም ብቻ ሊሆን አይገባውም፤ የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲ አካል ሊሆን ይገባል።

የትኛውን በር እናንኳኳ?

ብዙ አቤቱታ የሚጠፋው መልስ ስለሌለው ብቻ አይደለም፤ ወደማይመለከተው በር ስለሚሄድም ነው። የፌዴራል ሕግና በጀት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በክልሉ ውስጥ የመሬት አስተዳደሩን፣ የወረዳዎችን በጀትና የክልል መንገዶችን የሚመለከተው ጨፌ ኦሮሚያና የክልሉ መንግሥት ነው። የከተማ ቦታ ምደባ ደግሞ የከተማው አስተዳደር ጉዳይ ነው። ስለ መቃብር ቦታ የቀረበ ጥያቄ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ቢላክ በመንገድ ይቀራል፤ ስለ ሽግግር ፍትሕ የቀረበ ጥያቄም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት አይመለስም። ጥያቄውን ለባለ ድርሻው ለይቶ ማቅረብ ግማሽ መልስ ነው።

የእኛ ድርሻ

ነቀፋን በሌላው ላይ ብቻ መጣል ቀላል ነው። እኛ ምእመናንና አገልጋዮች የድርሻችንን ተወጥተናልን? እንደራሴውን የምንፈልገው ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል፣ ሰው ሲሞት ብቻ አይደለምን? ምክር ቤቱ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ሰኔ 30 ቀን ሲሠራ፣ በመካከልም አባላቱ ወደ ምርጫ ክልላቸው ሲወርዱ፣ በተዘጋጀው ስብሰባ ላይ ስንቶቻችን ተገኝተናል? የተጻፈ፣ ቀን ያለበት፣ ማስረጃ የተያያዘበት አቤቱታስ ስንት አጥቢያ አቅርቧል?

ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ የሚሆን መዋቅር አላጣችም። በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዐዋዲ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በሰበካ ጉባኤ በጋራ እንዲመክሩ ሠርቷል። ይህ ራሱ የውክልና ትምህርት ቤት ነው። ሰበካ ጉባኤው የአጥቢያውን የይዞታ ሰነድ አሰባስቦ፣ የደረሰውን ጉዳት በቀንና በዝርዝር መዝግቦ፣ የጋራ የሆነውን የመንገድና የጤና ጥያቄ ከሙስሊም ሽማግሌዎች ጋር ተፈራርሞ ቢያቀርብ ቃሉ ይከብዳል። ከገለምሶ ሆስፒታል መድኃኒት ያጣች እናት ስሟ ፋጡማም ይሁን ወለተ ማርያም ሕመሟ አንድ ነው። ለጋራ ጥያቄ አብረው የፈረሙ ሰዎች በክፉ ቀን እርስ በርስ ለመጠባበቅም ይቀርባሉ።

የቋንቋንም ነገር እናስብ። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ውጭ በተፈጸመው ሢመት ቤተ ክርስቲያናችን የገባችበትን ፈተና፣ የካቲት 8 ቀን የተደረሰውን ስምምነት፣ ሐምሌ 9 ቀንም ቅዱስ ሲኖዶስ ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳትን መሾሙን ሁላችን እናውቃለን። ሢመቱ ቀኖና የጣሰ ነበር። ምእመናን በሚሰሙት ቋንቋ ይሰበክላቸው፣ ይቀደስላቸው የሚለው ፍላጎት ግን እውነተኛና ሐዋርያዊ ነው። የኢየሩሳሌም መበለቶች ነገር እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምር ካህን ለገለምሶ ገጠር የማንልክ ከሆነ፣ እንደራሴው ሕዝቡን አልሰማም ብለን የመውቀስ ድፍረቱን ከየት እናገኛለን?

ቤተ ክርስቲያን የማንም ፓርቲ አይደለችም፤ ምእመናንም በነጻ ኅሊናቸው ይመርጣሉ። ነገር ግን ቅዱስ ጳውሎስ ያለ ፍርድ ሊገርፉት በተነሡ ጊዜ የሮማ ዜግነቱን አንሥቶ መብቱን እንደ ጠየቀ እናውቃለን (የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22)። ነቢዩ ኤርምያስም በባቢሎን ለተማረኩት በላከው መልእክት የሚኖሩባትን ከተማ ሰላም እንዲሹና እንዲጸልዩላት መክሯቸዋል (ኤርምያስ ምዕራፍ 29)። ስለዚህ ለምርጫ የሚቀርበውን ሁሉ፣ ብሔሩንና ሃይማኖቱን ከመጠየቃችን በፊት፣ እነዚህን እንጠይቀው፦ አካባቢያችንን ታውቀዋለህን? ባለፈው ለተጎዱት ምን ልታደርግ ዐስበሃል? የወጣውን ሕግ መፈጸሙን በምን ትከታተላለህ? በዓመት ስንት ጊዜስ ተመልሰህ ትሰማናለህ? መልሱን በጽሑፍ እንያዘው፤ ከዓመት በኋላም እንጠይቀው።

የጨርጨር ገበሬ የሚናገርበት አፍ ሳይኖረው ሕግ ተጽፎለት ነበር። ዛሬ አፉ ተከፍቷል። ሳይናገር ከቀረ ወይም ከተናገረ በኋላ የሚሰማው ካጣ፣ የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ሕጉም ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እንደራሴውን ማስተዋል፣ መራጩን ትጋት እንዲሰጥልን፣ በምዕራብ ሐረርጌ ያሉ ወገኖቻችንንም ከነጎረቤቶቻቸው በሰላም እንዲጠብቅልን የአባቶቻችን አምላክ ፈቃዱ ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።